ሕግ አስከባሪና ደም አድራቂ በራያ ቆቦ

አንድ ቀን ጧት በሥነ ዜጋ ትምህርት ሰዓት ስለ ሕግና ስለ ፍርድ ቤት አስረድቼ ከጨረስሁ በኋላ፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያንሣ አልሁ። ከኋላው ወንበር የተቀመጠ አንድ የቆላ ልጅ ተነሣ። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ድምፁን የሰማሁት ስሙ ሲጠራ ብቻ ነበር።

«መምህር፤ ሰው የገደለ ሰው ተይዞ፣ ተፈርዶበት፣ እስራቱን ጨርሶ ከወጣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው?» አለኝ።

«አዎን፤ በሕግ ዐይን አልቋል» አልሁት።

ልጁም ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ «እንግዲያስ አባቴ ወደ ገበያ ሲወርድ እስካሁን ድረስ ዋናውን መንገድ ትቶ ወንዝ ለወንዝ የሚዞረው ለምንድን ነው?» ብሎ ተቀመጠ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ኋላ እንደ ተረዳሁት፣ በዚያ ክፍል ውስጥ መልሱን የማያውቅ ሰው ቢኖር አስተማሪው ብቻ ነበር። አባትየው የሰው ደም አላፈሰሰም፤ ገዳዩ ወንድሙ ነው። ወንድምየው የተፈረደበትን እስራት ጨርሶ ወጥቷል። የሟች ወገኖችና የገዳይ ወገኖች ግን ገና አልታረቁም። መንግሥት ሒሳቡን ዘግቷል፤ አገሩ ግን አልዘጋም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ አገር ሕግን የሚያስከብረው ማን እንደ ሆነ፣ ጥንትስ ማን እንደ ነበረ ለማወቅ ትልልቅ ሰዎችን መጠየቅና መጻሕፍትን መመርመር ያዝሁ። ዛሬ ተማሪ ሆናችሁ ነገ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ለምትመደቡ፣ ወይም አሁኑኑ ተመድባችሁ መዝገብ ለምታገላብጡ ወንድሞቼና እኅቶቼ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

አገሩና ነገሩ

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ሰፊ ሜዳ ላይ ሲደርስ ቆቦን ያገኛታል። በምዕራብ በኩል የደጋው ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ አለ፤ ከዞብል ወዲያ አገሩ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። የሜዳው ዋና እህል ማሽላና ጤፍ ነው። በሜዳው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ብቻውን ስለማያስተማምን፣ ገበሬው ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ወደ እርሻው ያስገባል። ጎርፉ የሚመጣው በድንገት፣ አንዳንዴም በሌሊት ነው፤ የሚቆየውም ጥቂት ሰዓት ነው። የላይኛው ገበሬ ቦዩን ከልክ በላይ ቢይዝ የታችኛው ገበሬ ማሽላ ይደርቃል።

እንግዲህ ነገር የሚነሣው ከዚህ ነው፤ ከውሃ ተራ፣ ከድንበር፣ ከግጦሽ፣ ከጠፋ ከብት፣ በሠርግና በለቅሶ ላይ ከሚተኮስ ጥይት። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ተረት በራያ ሜዳ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ ብዙው ነገር ሥሩ ውሃ ነውና። ወንዱ ጠመንጃን እንደ ጌጥም እንደ መድንም በሚያይበት አገር ደግሞ በጧት የተጀመረ የቦይ ጠብ ማታ የነፍስ ጠብ ሆኖ ሊያድር ይችላል።

ሸሪፍና የእኛ አራት ሰዎች

የአሜሪካን ሲኒማ ያየ ተማሪ ሁሉ ሸሪፍን ያውቀዋል፤ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ በደረቱ ላይ ኮከብ ሰክቶ፣ በፈረስ ሽፍታ የሚያሳድደው ሰው ነው። እውነተኛው ሸሪፍ ግን ከሲኒማው የሰፋ ሥራ አለው። ስሙ የመጣው ከጥንት እንግሊዝ ነው፤ «ሻየር» አውራጃ ማለት ሲሆን «ሪቭ» የንጉሥ ሹም ነው፤ ሁለቱ ተጋጥመው ሸሪፍ ሆኑ። በእንግሊዝ ንጉሥ የሚሾመው ይህ ሰው አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ በአብዛኞቹ ግዛቶች ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ የሚመርጠው ሆነ፤ የሥራ ዘመኑም በብዙው ቦታ 4 ዓመት ነው። ወንጀለኛ ይይዛል፤ እስር ቤት ይጠብቃል፤ የፍርድ ቤት መጥሪያ ያደርሳል፤ ችሎት ሲቀመጥ ጸጥታ ያስከብራል። እንዲህ ያሉ መሥሪያ ቤቶች በአሜሪካ 3,000 ያህል ናቸው።

በእኛ አገር ገጠር ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተጭኖ አያውቅም። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ሲያዋቅር፣ ቆቦም በወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ በራያና ቆቦ አውራጃ ሥር ሆነች። በዚያ ዘመን ሸሪፍ ብቻውን የሚሠራውን አራት ሰዎች ተከፋፍለው ይሠሩት ነበር።

የመጀመሪያው ጭቃ ሹም ነው። ግብር የሚያስገባው፣ የበላይ ትእዛዝ የሚያስተላልፈው፣ ኡኡታ ሲሰማ አስቀድሞ የሚጠየቀውም እርሱ ነበር። የማን በሬ ከማን እርሻ እንደ ገባ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተቀያየመ ያውቃል። ኀይሉ ማወቁ ነው።

ሁለተኛው ነጭ ለባሽ ነው። የደንብ ልብስ ሳይኖረው እንደ ማንኛውም የአገር ሰው ነጭ ልብሱን ለብሶ ስለሚዘምት ይህ ስም ወጣለት። ፖሊስ በማይደርስበት ገጠር ሌባና ሽፍታ የሚያሳድደው እርሱ ነበር። ዱካውን፣ ዋሻውንና የውሃ ጉድጓዱን ስለሚያውቅ ከከተማ የመጣ ዘበኛ የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል። ነገር ግን የአገሩ ልጅ መሆኑ ጥቅምም ጉዳትም ነበረው፤ የሚያሳድደው ሰው አንድ ቀን ዘመዱ፣ ሌላ ቀን ባላንጣው ሊሆን ይችላልና።

ሦስተኛው አጥቢያ ዳኛ ነው። በ1939 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 90 መሠረት ግምቱ ከ25 ብር የማይበልጥ የፍትሐ ብሔር ክርክር ያያል፤ በጥቃቅን ወንጀልም እስከ 15 ብር መቀጮ ይቀጣል። ስድብ፣ ቀላል ድብደባ፣ ትንንሽ ስርቆት ወደ እርሱ ይመጡ ነበር። ዋናው ችሎታው ግን መቅጣቱ አልነበረም፤ ባለጉዳዮቹን ሳይራራቁ ማስታረቁ ነበር።

አራተኛው ባለ ደንብ ልብሱ ፖሊስ ነው። የፖሊስ አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ መኮንኖችን ማሠልጠን ጀመረ። ሆኖም ፖሊስ በቁጥር ጥቂት ነበር፤ የሚገኘውም በከተማና በመንገድ ዳር ነው። በዞብል ተራራ ሥር የተሰረቀ ከብት ወሬ ቆቦ እስኪደርስ ከብቱ አፋር ቆላ ገብቶ ያድራል።

ወፍ ነገረችን

ሌባው ያልታወቀ እንደ ሆነስ? ያን ጊዜ አገሩ አውጫጭኝ ይቀመጣል፤ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል አፈርሳታ የሚባለው ነው። የአካባቢው ሰው በሙሉ በአንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። የሚታመኑ ሰዎች ይመረጣሉ፤ ሰውም እየማለ የሚያውቀውንና የሰማውን ለእነርሱ በምሥጢር ይነግራል። የተነገራቸውን ሲያወጡ የነገራቸውን ሰው ስም አይጠሩም፤ «ወፍ ነገረችን» ይላሉ። ጥፋተኛው ካልታወቀ ስብሰባው ቀናት ይወስዳል፤ በመጨረሻም የጠፋውን ንብረት አገሩ በሙሉ አዋጥቶ እንዲከፍል ይደረጋል።

ለዘመናዊ ተማሪ ይህ ነገር ኋላ ቀር መስሎ ይታየው ይሆናል። በእርግጥም ጉድለቱ ብዙ ነበር። ቂመኛ በወፍ ስም ጠላቱን ያስጠቁማል፤ ያልሰረቀ ሰው ስለ ሌባ ይከፍላል፤ በእርሻ ወራት ገበሬው ሥራ ፈትቶ ይውላል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ጥፋትን የእያንዳንዱ ሰው የግል ጥፋት አድርገው በምስክርና በማስረጃ እንዲጣራ ሲያዙ፣ ንጹሑን ከጅምላ ቅጣት የሚያድን ትልቅ እርምጃ ነበር።

አውጫጭኝ ግን አንድ ነገር በሚገባ ተረድቶ ነበር፤ ይኸውም በገጠር ምስክር የሚጠፋው ያየ ሰው ስለሌለ ሳይሆን ያየው ሰው ስለሚፈራ መሆኑን ነው። ወፏ የምትጠብቀው ምስክሩን ነበር። አዲሱ ሕግ ወፏን አባሮ ምስክሩን በስሙ ጠርቶ ከተከሳሹ ፊት አቆመው። ፍትሕ እንዲህ መሆን ይገባዋል፤ ነገር ግን ምስክሩ ማታ ወደ መንደሩ ሲመለስ ማን እንደሚጠብቀው አልተነገረውም።

ዘመን ሲለወጥ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ከታወጀ በኋላ ጭቃ ሹሙ ሥልጣኑን ለገበሬ ማኅበር አስረከበ። በአጥቢያ ዳኛው ፈንታ ፍርድ ሸንጎ፣ በነጭ ለባሹ ፈንታ አብዮት ጥበቃ ተተኩ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህም ክልሎች ሲቋቋሙ ራያ ቆቦ በአማራ ክልል በሰሜን ወሎ ዞን ወረዳ ሆነች፤ የወረዳ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ በየቀበሌው ደግሞ የነጭ ለባሹን ሥራ የሚመስል ሥራ ለሚሊሺያ ተሰጠ። ስሙ በየዘመኑ ተለዋወጠ፤ ሥራው ግን ያው አራቱ ነው፤ ማወቅ፣ ማሳደድ፣ ማስታረቅና ለፍርድ ማቅረብ።

በመደበኛው ጊዜ አንድ ሰው ተገደለ ሲባል የወረዳ ፖሊስ ሥራ እንዲህ ነው። መርማሪው ከስፍራው ደርሶ ሬሳውን፣ ቦታውንና የጥይቱን ቀለህ ይመለከታል፤ የምስክሮችን ቃል ይቀበላል፤ ተጠርጣሪውን ይይዛል፤ የምርመራ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ ያቀርባል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ሕጉን ያወጡ ሰዎች ስለ ገጠሩም አስበዋል፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለሚደረገው ጉዞ በአግባቡ የሚወስደው ጊዜ ከ48ቱ ሰዓት ውስጥ አይቆጠርም። ጠመንጃን በሚመለከትም በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጥቷል፤ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል።

በወረቀት ላይ ሁሉም ተሟልቷል። ይሁን እንጂ መርማሪው በሞተር ብስክሌት ወይም በእግሩ ደክሞ ከመንደሩ ሲደርስ የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው፤ «አላየሁም»። ጥይቱ የተተኮሰው በሠርግ ቤት፣ በሰው መካከል ነው፤ ግን ያየ የለም። ይህን ቃል ሰምቶ ሕዝቡን ውሸታም የሚል ጀማሪ ሹም ተሳስቷል። በዚህ አገር ምስክርነት ወገን መያዝ ነው። የመሰከረ ሰው ከነቤተ ሰቡ ከደሙ ውስጥ ይገባል፤ ደሙም እስኪደርቅ ድረስ የውሃና የገበያ መንገዱ ይዘጋበታል።

ዘወልድ

ደም የሚደርቀው በዕርቅ ነው። በራያ ቆቦ ይህን የሚያከናውነው የሽማግሌዎች ሥርዓት ዘወልድ ይባላል፤ በሰሜን በኩል ደግሞ በወጀራትና በራያ አዘቦ ከአፋር ጋር ለሚነሣው ጠብ አቦ ገረብ የሚባሉ አስታራቂዎች ይታወቃሉ። ሽማግሌዎቹ የሚከበሩት በደመወዝ ወይም በማኅተም አይደለም፤ አያዳሉም ተብለው ስለሚታመኑ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድነት ይቀመጣሉ፤ ቄሱና ሼኹም ለመሐላውና ለምርቃቱ ይፈለጋሉ።

ሥራቸው የሚጀምረው ጊዜ በመግዛት ነው። የገዳይ ወገኖች ከሟች ወገኖች ዐይን ዘወር እንዲሉ፣ በአንድ ገበያ፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ምንጭ እንዳይገናኙ ያደርጋሉ። ከዚያ ወደ ሟች ቤት ይሄዳሉ። የሟች ቤተ ሰብ መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ቶሎ እሺ ማለት የሟችን ደም ማርከስ ነውና። ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ፤ ደግመው ይሄዳሉ። በመጨረሻ ፈቃድ ሲገኝ የደሙ ካሳ ይቆረጣል፤ ካሳውን የሚከፍለው ገዳዩ ብቻ ሳይሆን ወገኑ ሁሉ አዋጥቶ ነው። ዳግመኛ ላለመፈላለግ ይማማላሉ፤ አብረው ይበላሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ቂሙን የሚያነሣ ሰው ጠላትነቱ ከሽማግሌዎቹና ከአገሩ ጋር ይሆናል።

ታዲያ ሕግና ዘወልድ የሚጋጩት የት ላይ ነው? ምስክሩ ላይ ነው። አንዳንድ ጊዜ ዕርቅ ከወረደ በኋላ ለፖሊስ ቃሉን የሰጠ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ «አላስታውስም» ይላል፤ ታርቀናል፣ ከእንግዲህ ማሳሰሩ ምን ያደርጋል ተብሎ ተመክሯልና። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን እንደ ያዘ ይቀራል፤ ነፍስ ያጠፋ ሰውም በነጻ ይወጣል። ይህ ልማድ እየዘለቀ ከሄደ ለሀብታም ወገን የሰው ነፍስ ዋጋ ያለው ዕቃ ይሆንበታል፤ ከፍሎ ይሄዳልና። በዕርቅ ሸንጎ ላይ ደግሞ ሴቶች ብዙ ጊዜ ድምፅ የላቸውም። ባሏን ያጣችው ሴት ካሳው ስንት እንደ ሆነ ከሌላ ሰው ትሰማለች። በአንዳንድ የአገራችን ክፍሎች ደም ለማድረቅ ተብሎ ልጃገረድ ሳትጠየቅ ለሟች ወገን የምትዳርበት ልማድም ነበረ። ይህን የመሰለውን ነገር ሕግ ዝም ብሎ ሊያየው አይገባም።

በሌላ በኩል ሕጉ ብቻውን ሲሠራ የሚሆነውን ተማሪዬ ነግሮኛል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 መሠረት ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ገዳዩ ይታሰራል፤ ወህኒ ቤት ሆኖ ከደም መላሽ የተጠበቀው ግን እርሱ ራሱ ነው። ውጭ የቀሩት ወንድሙና የወንድሙ ልጆች ያልሠሩትን ዕዳ ተሸክመው ወንዝ ለወንዝ ይሄዳሉ።

በእኔ አስተያየት መፍትሔው አንዱን ለሌላው መሠዋት አይደለም። ሕጉ ራሱ በር ከፍቷል፤ የዚሁ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 82 ጥፋተኛው ከልቡ ቢጸጸት፣ ራሱን ለመንግሥት ቢሰጥ፣ ያደረሰውንም ጉዳት በተቻለው መጠን ቢክስ ቅጣቱ እንዲቀልለት ያዛል። እንግዲህ ሽማግሌዎች ገዳዩን መክረው እጁን እንዲሰጥ ቢያደርጉ፣ ካሳውም ቢከፈል፣ ዳኛው ይህን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀል ይችላል። እንዲህ ሲሆን ምስክሩ እውነቱን በመናገሩ ዕርቁን አያፈርስም፤ ዕርቁም ፍርዱን አያሰናክልም። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ሥልጣን ሳይሆን አንድ ጠንቃቃ የወረዳ ሹም ነው፤ ሽማግሌውን እንደ ሕግ አፍራሽ የማያይ፣ ሥራውንም ሁሉ ለሽማግሌ ጥሎ የማይሸሽ፤ ባልቴቲቱንም ጠርቶ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ።

ይህን የምለው ቆቦ ቀላል ዘመን ላይ ሆና አይደለም። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተማዋ ገባ፤ በጳጉሜን ወርም በከተማዋና በአካባቢዋ ሲቪል ሰዎች ተገደሉ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ተመልሶ መጣ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። በእንዲህ ያለ ጊዜ መሥሪያ ቤት ይዘጋል፣ ሹም ይሸሻል፤ ጠመንጃ ግን ይበዛል። ጥንት የራያ ሰው ጠብ መካከል ገብቶ «በሕግ አምላክ!» ሲል የተዘረጋ በትር ይታጠፍ ነበር ይባላል። ያን ጊዜ በትሩን ያጠፈው በአጠገቡ የቆመ ፖሊስ አልነበረም፤ ሰው ሕግን የራሱ አድርጎ ማየቱ ነው። የደንብ ልብስ በአንድ ቀን ሰፍቶ ማደል ይቻላል፤ ይህን እምነት ግን ከሽማግሌው ጋር በአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ በትዕግሥት መልሶ መትከል ያሻል።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። በሚቀጥለው የትምህርት ሰዓት፣ በክፍሉ ፊት፣ «በሕግ ዐይን አልቋል ያልኋችሁ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው» ብዬ ትምህርቴን አረምሁ። ልጁ ምንም አልተናገረም። ደወል ተደውሎ ሌሎቹ ሲወጡ ግን ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ወደ ሟች ቤት ሄደው እምቢ ተብለው መመለሳቸውን፣ ማሽላው ከተነሣ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ እንደሚሄዱ ነገረኝ። አባቱ እስከዚያ ድረስ ያው በወንዙ መንገድ ይሄዳል።